የእሳት ልጅ አመድ፤ ስለ ድንጋይ ከሰል፥ ስለ አመዱና ስለ ባሌ ደጋ ቤቶች አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ስመ ጥር አባት የወለደው ልጅ እንደ አባቱ ሳይሆን ሲቀር አባቶቻችን «የእሳት ልጅ አመድ» ይላሉ። በዚህ አነጋገር እሳት ኀይልና ብርሃን ነው፤ አመድ ግን ከኀይሉ ተርፎ ወደ ጓሮ የሚደፋ ከንቱ ነገር ነው። «አመድ በዱቄት ይስቃል» የሚለውም ተረት ይህንኑ ያጸናል። የዚህ ጥናት ዓላማ አመድ በሰው ልጅ የግንብ ሥራ ታሪክ ውስጥ ያለውን ስፍራ መርምሮ፥ ተረቱ ይህን ልጅ ምን ያህል እንደ በደለው ማሳየት ነው።

ጥናቱ የሚነሣው ከባሌ ደጋ፥ ይልቁንም ከጎባና ከሮቤ ነው። ይህም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ የባሌ ተራሮች እጅግ ጥንታዊ የሆነ የምድጃ አመድ የተገኘባቸው ስፍራዎች ናቸው። ሁለተኛ፥ በሁለቱ ከተሞች ከእንጨትና ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬት ቤት የሚደረገው ለውጥ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው ነው። እርግጥ ነው፥ በአገራችን የድንጋይ ከሰል ተገኝቶ የተጠናባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች ከባሌ ርቀው በምዕራብ፥ በደቡብ ምዕራብና በሰሜን ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ወደ ፊት እንደሚታየው የዚያ ከሰል አመድ ሮቤ ድረስ ይመጣል፤ የሚመጣውም ማንም ሳያውቀው በሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። በአማርኛ «ከሰል» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። አንዱ እንጨት ታፍኖ ሲቃጠል የሚቀረው የምድጃ ከሰል ነው፤ ሌላው ከምድር የሚቈፈረው የድንጋይ ከሰል ነው። በባሌ የሚነገረው ኦሮምኛ ከሰሉን ጪሌ፥ አመዱን ዳራ ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1. የባሌ ተራሮች የእሳት መዝገብ

የባሌ ተራሮች ራስ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከፍታውም 4,377 ሜትር ነው። ከእርሱ ሥር የተዘረጋው የሳነቴ አምባ ሌሊት ውርጭ የሚያድርበት፥ እሳት ከእህል እኩል የሚቈጠርበት ስፍራ ነው። በዚህ ብርድ አገር ሰው የሰፈረው በቅርብ ዘመን ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን በ2019 የታተመ የሥነ ቍፋሮ ጥናት፥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል፥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የገደል ጥግ መጠለያ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበር አስረድቷል። ለዚህ ምስክር የሆኑት ምድጃዎቹ፥ የተጠበሱ ፍልፈሎች አጥንትና የባልጩት መሣሪያዎች ናቸው። ሰዎቹ ባልጩቱን የሚያመጡት 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሸንተረር ነበር።

ሌላው መዝገብ የሚገኘው በውኃ ሥር ነው። ጋርባ ጉራቻ፥ ትርጓሜው ጥቁር ሐይቅ፥ 3,950 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ትንሽ የተራራ ሐይቅ ነው። ሊቃውንት ከሐይቁ ሥር ጭቃ በቧንቧ እያወጡ በውስጡ የተቀበረውን የዕፀዋት ብናኝና የከሰል ፍርፋሪ ቈጥረዋል። ከዚህም የተነሣ በተራሮቹ ወገብ ላይ የሚበቅለው አስታ ላለፉት 14,000 ዓመታት ያህል ደጋግሞ ሲነድና ደጋግሞ ሲያቈጠቍጥ እንደ ኖረ ለማወቅ ተችሏል።

ከሰው እሳት በፊት ደግሞ የምድር እሳት ነበር። የባሌ ተራሮች ራሳቸው የተሠሩት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ከወጣ ድንጋይና ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። ከዚህ ጥቁር ድንጋይ ሥር የጥንት ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። ይህ የኖራ ድንጋይ በምሥራቅ በኩል የወይብ ወንዝ በቈረጠው ስፍራ ተገልጦ ይታያል፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። አንባቢ እነዚህን ሁለት ነገሮች፥ ማለት የእሳተ ገሞራውን ውላጅና የኖራውን ድንጋይ፥ ልብ ብሎ ይያዝልን። የግንብ ታሪክ የሁለቱ ጋብቻ ታሪክ ነውና።

2. የጎጆው እሳትና የጎጆው ግድግዳ

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ተማሪ ያደገው ጎባ ከተማ በጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አያቴ ማታ ማታ እሳቱን አታጠፋውም ነበር፤ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ትዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ረመጡ ቀይ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በተረቱ የተናቀው ልጅ አባቱን ከሞት ሲያድረው ያየሁት ገና በልጅነቴ ነው።

አመድ በዚያ ቤት ብዙ ሥራ ነበረው። ድስትና ሰታቴ ይፈተግበታል። ለዘር የተቀመጠ እህል ነቀዝ እንዳይገባበት ከአመድ ጋር ይለወሳል። የጓሮ ጎመን ሥር ይበተናል፤ መጸዳጃ ጉድጓድም ይጨመርበታል። ጢሱ እንኳ ያለ ሥራ አልተተወም፤ በጣሪያው እንጨት ላይ የሚያስቀረው ጥቀርሻ ማገሩንና ክዳኑን ከተባይ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በትልልቅ አገሮች «ምንም አይጣል» እየተባለ በመሐንዲሶች የሚሰበከው ትምህርት በባሌ ጎጆ ውስጥ ያለ ሰባኪ ሲሠራበት ኖሯል።

ይሁን እንጂ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የወደደውን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውም። በዚያ ቤት አመዱ ተይዟል፤ ጢሱ ግን ከጣሪያው በፊት በሰው ሳንባ ውስጥ አልፎ ነበር የሚወጣው። ኩበትና እርጥብ እንጨት በሚነድበት፥ ብርድን በመፍራት መስኮት በሚዘጋበት ደጋ ጕዳቱ የባሰ ነው። የአያቴ ዓይን እስከ ዕለተ ሞቷ ያነባ ነበር፤ ሳሏም ከቤቱ ድምፅ እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው በ2020 በዓለም ሁሉ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል ነው።

ግድግዳውም የራሱ ዕዳ አለበት። የጭቃ ቤት የሚሠራው ከቋሚ፥ ከማገርና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ ነው። ጽዱ፥ ባሕር ዛፉ፥ ቀርከሃው ሁሉ ከአንድ ስፍራ ይመጣል፤ እርሱም ዱር ነው። ምስጥ ቋሚውን ሲበላው ሌላ ይቈረጣል። ቀድሞ ሕዝቡ ጥቂት፥ ዱሩም ሰፊ ስለ ነበር ዕዳው አልታወቀም። ዛሬ ግን ሮቤ የባሌ ዞን መቀመጫና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆና ተስፋፍታለች። በሌላው በኩል በ1970 የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሀረና ደንም በዚሁ ውስጥ ነው። እንግዲህ እያደገ ያለው ከተማ ግድግዳውን ከደኑ ሊወስድ ካልተገባው ከወዴት ያመጣዋል? የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት ከባሌ ጥቂት ወጥተን የግንብን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

3. ኖራና የእሳተ ገሞራ አመድ

የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ይፈረካከሳል፤ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በአየር ውስጥ ሲቈይ ተመልሶ ይጠነክራል። ይህን ጥበብ ብዙ ሕዝቦች ያውቁት ነበር። ጕድለቱ ግን ውኃ በሞላበት ስፍራ አለመጠንከሩ ነው።

ይህን ጕድለት የሞሉት ሮማውያን ናቸው። በቬሱቪየስ ተራራ አጠገብ፥ ፖትሱዎሊ ከምትባለው ከተማ፥ የሚዛቀውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ቢያደባልቁት በባሕር ውኃ ውስጥ እንኳ እንደ ድንጋይ ሲጸና አዩ። መሐንዲሱ ቪትሩቪየስም ስለዚህ አመድ ጽፏል። በሮም ከተማ የሚገኘው የፓንቴዎን ጕልላት፥ ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን፥ በዚህ ዓይነት ልስን ተሠርቶ 1,900 ዓመት ያህል ቆሟል። ዛሬ በመላው ዓለም ይህን የመሰለ አመድ ሁሉ ከከተማዪቱ ስም ተወስዶ ፖዞላና ይባላል።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ በብዛት የተሠራው ሲሊካና አሉሚና ከሚባሉ ነገሮች ነው። ቀልጦ በድንገት ስለ ቀዘቀዘ እንደ መስታወት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ መስታወታዊ ጠባይ ከኖራና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቶሎ እንዲዋሐድ ያደርገዋል። ከውሕደቱ የሚገኘው ሙጫ አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ ያደርገዋል። ልፋቱን የጨረሰው እሳተ ገሞራው ነው፤ ግንበኛው የሚጨምረው ኖራና ውኃ ብቻ ነው።

በአገራችን ኖራ ለግንብ በሰፊው መሠራት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) በዐባይ ላይ፥ ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ አጠገብ፥ የአላታ ድልድይ ተሠራ፤ በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የጎንደር ግንቦች ተነሡ። እነዚህ ግንቦች እስከ ዛሬ ሲመሰገኑ ይኖራሉ። ሆኖም የኖራው እቶን የሚነደው በእንጨት ስለ ነበር የግንቡ ዋጋ በከፊል የተከፈለው በዛፍ ነበር። የባሌው ጥያቄ አዲስ ያለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

4. የድንጋይ ከሰል ጢስና በራሪው አመድ

አውሮጳ ይህን የዛፍ ዕዳ የሸሸችው ወደ ድንጋይ ከሰል ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 «ፖርትላንድ» ብሎ የሰየመውን ሲሚንቶ በመንግሥት አስመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶ እቶንና የከሰል ማዕድን አብረው አደጉ። ነገር ግን የደኑ ዕዳ ወደ አየሩ ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም። በታኅሣሥ ወር 1952 ለአምስት ቀን የሎንዶንን ከተማ የሸፈነው የከሰል ጢስና ጉም 4,000 ያህል ሰው ገደለ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቍጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። ከዚህ መከራ የተነሣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ አወጣ።

ከሰልን በንጽሕና ለማንደድ የተገኙት ዘዴዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከማንደድ በፊት ማጠብ ነው። ከሰል ከድንጋይ ይቀልላልና ክብደቱ በተመጠነ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር ከሰሉ ይንሳፈፋል፤ ድንጋዩና አብሮት ያለው የድኝ ማዕድን ይዘቅጣል። ሁለተኛው አድቅቆና በቂ አየር ሰጥቶ ፈጽሞ ማንደድ ነው፤ ጥቁር ጢስ ማለት ሳይነድ የባከነ ከሰል ነውና። ሦስተኛው ከጢሱ ጋር የሚበረውን አመድ መያዝ ነው። ፍሬደሪክ ኮትሬል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከ1907 ጀምሮ ብናኙን በኤሌክትሪክ ኀይል ስቦ የሚያስቀር መሣሪያ ሠራ፤ ዛሬ ደግሞ ጢሱን በጨርቅ ከረጢት የሚያጠሩ መሣሪያዎች አብረው ያገለግላሉ። አራተኛው የድኙን ጋዝ በኖራ ውኃ ማጠብ ነው። በዚህ ጊዜ ድኙና ኖራው ተዋሕደው ጀሶ ይሆናሉ፤ ጀሶውም ለቤት ግድግዳና ጣሪያ ሰሌዳ መሥሪያ ይሸጣል።

አመዱ በተያዘ ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጣ። በየጣቢያው አጠገብ ተራራ አክሎ የሚከመረው ደቃቅ ብናኝ ወዴት ይጣል? በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ጤፍ የከበበ፥ ከጤፍም እጅግ የደቀቀ የመስታወት ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ቀልጦ በድንገት የቀዘቀዘ ሲሊካና አሉሚና ነበርና የሮማውያኑ አመድ ወንድም መሆኑ ታወቀ። በ1937 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሬይመንድ ዴቪስና ባልደረቦቹ ከሲሚንቶ ጋር ያለውን ጠባይ መርምረው አሳተሙ። ከ1948 እስከ 1953 በሞንታና ግዛት ሲሠራ በነበረው የሀንግሪ ሆርስ ግድብ ውስጥ ከ100,000 ቶን በላይ የሚሆን የከሰል አመድ በሲሚንቶ ፈንታ ገባ። ሕንድም በ1999 ባወጣችው ደንብ፥ በከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ አቅራቢያ የሚሠሩ ጡብ ፋብሪካዎች ከጣቢያው አመድ እንዲቀላቅሉ አዘዘች።

ያልተያዘ አመድ የሚያደርሰውን ደግሞ የቴኔሲ ግዛት አይቷል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ኪንግስተን በሚባል ስፍራ የእርጥብ አመድ ማጠራቀሚያ ግድብ ተደርምሶ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አመድ በወንዝና በመንደር ላይ ፈሰሰ። በከሰል አመድ ውስጥ አርሴኒክን የመሳሰሉ መርዞች ስላሉ ጕዳቱ ከጭቃ ጎርፍ የከፋ ነበር። አንድ ዓይነት አመድ በአንዱ ግዛት ግድብ ሆነ፤ በሌላው ግዛት ግድብ ሰብሮ ጥፋት ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው አያያዙ ነው።

5. የኢትዮጵያ ከሰልና የሲሚንቶ እቶን

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ባሌም ለዚህ ድርሻ አላት፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ጣቢያ 153 ሜጋ ዋት ኀይል አለው። ስለዚህ በሌላ አገር እንደሚታየው ያለ የከሰል ጣቢያ የአመድ ተራራ በአገራችን የለም። የእኛ ከሰል ታሪክ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው፤ እርሱም የሲሚንቶ እቶን ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1930ዎቹ በጣሊያኖች እጅ በድሬዳዋ ተቋቋመ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባና በምፅዋ ሌሎች ተከተሉ። በ1984 ሙገር ሥራ ጀመረ፤ ቀጥሎም በመቀሌ መሰቦ፥ በ2012 ደርባ፥ በ2015 በሙገር አካባቢ የዳንጎቴ ፋብሪካ፥ በ2024 ደግሞ የለሚ ፋብሪካ ተመረቁ። ሙገርን የመሳሰሉት እቶናቸውን ያነዱ የነበረው ከውጭ በሚገባ ወፍራም የነዳጅ ዘይት ነበር። ዘይት ሲወደድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፤ ከሰሉም በመርከብ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአገር ውስጡን ከሰል በማጠብ የውጭውን ለመተካት ማጠቢያ ፋብሪካዎች መቋቋም ጀምረዋል።

የአገር ውስጡ ከሰል ከጎንደር ምዕራብ በጭልጋ፥ በደብረ ብርሃን አጠገብ በሙሽ ሸለቆ፥ በያዩ፥ በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ፥ እንዲሁም በዳውሮ ይገኛል። በብዙዎቹ ስፍራዎች የተኛው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር መካከል ነው። አንዱ የእሳተ ገሞራ ዘመን አልፎ ሌላው እስኪመጣ ድረስ በነበረው ዕረፍት በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ዕፀዋት ነውና፥ ጭቃና የእሳተ ገሞራ አመድ ተቀላቅሎበታል። ከዚህም የተነሣ አመዱ ብዙ፥ ሙቀቱም ከውጭው ያነሰ ነው። ማጠብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በሲሚንቶ እቶን ውስጥ ግን አመዱ ራሱ ይፈለጋል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ያህል ሙቀት ባለው ረጅም ተሽከርካሪ እቶን ውስጥ ሲያልፉ ክሊንከር የሚባለው ጠጣር ይወጣል። ከሰሉ የሚነደው በዚያው እቶን ውስጥ ስለሆነ አመዱ ከድንጋዩ ጋር ተዋሕዶ የክሊንከሩ አካል ይሆናል። በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከሸክላው አፈር የሚፈለገውን በከፊል ይተካል፤ የእቶኑ ኬሚስት ሥራ የአመዱን መጠን አስቀድሞ አውቆ የድንጋዩን ድልድል ማስተካከል ነው። ከሰሉ ከሚለቀው ድኝም አብዛኛው በእቶኑ ውስጥ ባለው ኖራ ይያዛል። እንግዲህ ሲሚንቶ እቶን ከሰል ነዶ አመድ የማይደፋበት ምድጃ ነው ማለት ይቻላል። የጢሱ ብናኝ በማጣሪያ ከተያዘም ተመልሶ ወደ እቶኑ ይገባል፤ ማጣሪያው ከተበላሸ ወይም ከተዘጋ ግን በአካባቢው ገበሬ ማሳና ቤት ላይ ይወርዳል።

6. የአንድ ከረጢት ሒሳብ

ነገሩን ለማብራራት በሮቤ ገበያ የሚሸጠውን አንድ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት እንመርምር። በአገራችን በብዛት የሚሸጠው የፖዞላና ሲሚንቶ ነው፤ ይኸውም ክሊንከሩ ከስምጥ ሸለቆ ከሚቈፈር ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ፑሚስ ከሚባለው፥ ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። በአውሮጳ ደንብ መሠረት በዚህ ዓይነት ሲሚንቶ ውስጥ ፖዞላናው ከ6 እስከ 35 ከመቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ክሊንከሩ 65፥ ፑሚሱ 30፥ ጀሶው 5 ከመቶ ነው እንበል። እንዲህ ከሆነ በከረጢቱ ውስጥ 15 ኪሎው ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው። ክሊንከሩ 32 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ለአንድ ቶን ክሊንከር 150 ኪሎ ከሰል ቢነድና ከከሰሉ 20 ከመቶው አመድ ቢሆን፥ በአንድ ቶን ውስጥ 30 ኪሎ የከሰል አመድ ይገባል፤ በከረጢታችን ውስጥ ደግሞ 1 ኪሎ ያህል ይደርሳል። የሮቤ ሰው ቤት ሲያሠራ ሳያውቀው በየከረጢቱ 15 ኪሎ የእሳተ ገሞራና 1 ኪሎ የከሰል ውላጅ ይገዛል ማለት ነው። የሲሚንቶ ቤቱን የሚያኮራው ሰው በአመድ ቤት ውስጥ ይኖራል።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው ጥቅሙ ነው። ፖዞላናው በጨመረ ቍጥር የሚፈለገው ክሊንከር ያንሳል፤ ከዚያ ጋር የሚነደው ከሰልም ያንሳል። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ ካርቦን ዳዮክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ ይህን ጋዝ የጨርቅ ማጣሪያ አይዘውም። በዓለም ላይ ሰው ከሚያወጣው ከዚህ ጋዝ 7 ወይም 8 ከመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ ነው። ስለዚህ «ከሰልን በንጽሕና ማንደድ» የሚባለው ነገር ወሰን አለው፤ ከሁሉ የነጻው ከሰል በአመድ ተተክቶ ሳይነድ የቀረው ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ ርዝመት ነው። ሮቤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሙገር ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲያ ማዶ ነው። ከረጢቱ ሮቤ እስኪደርስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና ይጓዛል። የመኪናው ነዳጅና የነጋዴው ትርፍ ተጨምሮበት ሲሸጥ፥ ደሞዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ብሎኬቱን ትቶ ወደ ቋሚና ማገር ይመለሳል። በሲሚንቶ ዋጋና በሀረና ዛፍ መካከል ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ከረጢቱ ሲወደድ መጥረቢያው ይሳላል።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል የሚከተለው ፍሬ ነገር ይገኛል። በንጽሕና ማንደድና አመድን ለግንብ ማዋል ሁለት ጉዳይ መስለው ቢታዩም በታሪክ አንድ ጉዳይ ሆነው ተገኝተዋል። አመድ በተያዘና ሥራ በተሰጠው ጊዜ የፓንቴዎን ጕልላትና የሀንግሪ ሆርስ ግድብ ሆኗል፤ ባልተያዘ ጊዜ የሎንዶን ጢስና የኪንግስተን ጎርፍ ሆኗል። የባሌ ጎጆ አመዱን ሁሉ በሥራ ላይ አውሎ ጢሱን አልያዘም፤ ትልቁ ፋብሪካ ሁለቱንም ለመያዝ መሣሪያው አለው፤ የሚያስፈልገው መሣሪያውን ዘወትር የሚጠብቅ ሰውና የሚቈጣጠረው ሕግ ነው።

ለባሌም የሚሠራ ሥራ አለ። የተራሮቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የምሥራቁ ኖራ በአንድ አውራጃ ውስጥ ናቸው። የሮቤና የሲናና ሜዳ ደግሞ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ የገለባ አመድ በሲሊካ የበለጸገ ስለሆነ በተመጠነ ሙቀት ከተቃጠለ እንደ ፖዞላና ሊያገለግል ይችላል። እርግጥ ገለባ አስቀድሞ የከብት ቀለብ ነው፤ ይህ የሚመለከተው ከቀለብ የሚተርፈውን ብቻ ነው። ሙከራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የተራራውን ድንጋይ፥ የገለባውን አመድና የምድጃውን አመድ ለየብቻ አድቅቆ በወንፊት መንፋት፤ እያንዳንዱን ከኖራ ጋር አቡክቶ በእንጨት ቅርጽ ማፍሰስ፤ ከጠነከረ በኋላ ውኃ ውስጥ 28 ቀን አቈይቶ በመጭመቂያ መሣሪያ መስበር ነው። የትኛው ከውኃ እንደሚጸና፥ የትኛው እንደሚፈርስ በአንድ ወር ይታወቃል። የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ቢያከናውኑት የታሪክ ተማሪ የጀመረውን ይፈጽማሉ።

አያቴ ማታ አመዱን ስትመልስበት እሳቱ የሚያድረው በልጁ ጉያ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ «የእሳት ልጅ አመድ» የሚል ተናጋሪ ቢኖር፥ ለስድብ ነው ወይስ ለምስጋና ብሎ መጠየቅ ይገባል።